ቀንድ ቀብሮ ማማሰል ሥልጠናችን ውስጥ ይግባ ወይስ ይውጣ?

አወያይ፦ ለሀዋሳ ዙሪያ የጓሮ አትክልት አምራቾች በምናዘጋጀው ሥልጠና ረቂቅ ላይ አንድ ነጥብ አላስማማንም። የላም እበት በላም ቀንድ ሞልቶ ወራት ቀብሮ ማውጣት፣ ከዚያ ትንሽ ወስዶ በውሃ አንድ ሰዓት ሙሉ «ልብ ሰጥቶ» ማማሰል፣ ማታ አፈር ላይ መርጨት። ባዮዳይናሚክ የሚባለው እርሻ አንዱ ሥራ ነው። ሥልጠናው ከሁላችን መዋጮ ስለሆነ ሁላችሁም ተናገሩ፤ በጨዋነት።

ታቦር ሥር፦ ይግባ። የባዮዳይናሚክን ሐሳብ ያመነጨው ሩዶልፍ ሽታይነር እ.ኤ.አ. በ1924 ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለችው ኮበርቪትስ ለገበሬዎች ካስተማረ ወዲህ ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። ለአንድ ሄክታር 100 ግራም ያህል የቀንድ ፍግ፣ ከ30 እስከ 40 ሊትር ውሃ። በአንድ አቅጣጫ በኃይል ታዞረዋለህ፤ እስከ በርሜሉ ሥር የሚወርድ አዙሪት ሲሠራ ድንገት ወደ ሌላው ትመልሰዋለህ። ውሃው ይናወጣል፣ ይታመሳል፣ ደግሞ ይሰበሰባል። ሰዓቱ እስኪሞላ እንዲሁ ነው። እጅህ እዚያ ሆኖ ልብህ ሌላ ቦታ ከሄደ አዙሪቱ ራሱ ያሳብቅብሃል፤ ይሰንፋል።

የአፈር ልጅ፦ የሚሰንፈው ክንድህ ስለደከመ ነው ወንድሜ። እስቲ ሒሳቡን እንየው። 100 ግራም ፍግ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ጥቂት ግራም ቢሆን ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ይዟል። ምግብ ነው እንዳትሉ አይበቃም። እናንተም «ኃይል» ነው እንጂ ምግብ ነው አትሉም። ኃይሉን ማን ለካው?

ታቦር ሥር፦ ስዊዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ባዮዳይናሚክን ጨምሮ የእርሻ ዘዴዎችን ጎን ለጎን የሚያወዳድር ሙከራ አለ። በ2002 የወጣው ውጤት እንደሚለው በተፈጥሮ ዘዴ የታረሱት ማሳዎች ምርታቸው 20 በመቶ ቢያንስም፣ የገባባቸው ማዳበሪያ ከ34 እስከ 53 በመቶ ያነሰ ነበር። ዩሪያ በዚህ ዋጋ እየገዛን ይሄ ይናቃል?

የአፈር ልጅ፦ ሙከራው ጥሩ ነው፣ አልናቅሁትም። ግን ባዮዳይናሚኩ ማሳ የጠጣው የቀንድ ውሃ ብቻ አይደለም፤ በደንብ የበሰለ ኮምፖስትም ገብቶለታል። ምስጋናውን ለቀንዱ ብቻ የሰጠኸው አንተ ነህ። ደግሞ ቀንዱ የሚቀበረው ከመስከረም ገደማ እስከ መጋቢት፣ አውሮፓ ብርድ ላይ ሳለች ነው። እኛ ጋ አብዛኛው ያ ጊዜ በጋ ነው። የትኛውን ወር ልናስተምር ነው?

ከይርጋለም፦ ግብፅ በረሃ ላይ ኢብራሂም አቡለይሽ እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመሩት ሴኬም የሚባለው ባዮዳይናሚክ እርሻም የአውሮፓ ብርድ የለውም፤ ይሠሩበታል። እኔ የማየው ገበያውን ነው። ዲሜትር የሚባለው የባዮዳይናሚክ ምርት ማረጋገጫ ማኅተም ያለነዚህ ዝግጅቶች አይገኝም። ቡና ያላችሁ አስቡበት።

የአፈር ልጅ፦ ይሄ ማኅበር የሚሸጠው ጎመንና ቃሪያ ነው። የሀዋሳ ገበያ ላይ ማኅተም አሳየኝ ያለ ገዢ አላጋጠመኝም።

የጓሮ እናት፦ ልጆቼ፣ ማታ ቀንድ ስትቀብሩ ጎረቤት ቢያያችሁ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? መተት ነው ይላል፤ አበቃ። ደግሞ እንሰቱን እበት ያበላነው እኛ ሴቶቹ ነን፣ ማለዳ ማለዳ ከበረት ተሸክመን። ልብ ሰጥታችሁ ነው ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። አንድ ሰዓት ማማሰሉስ በማን ክንድ ነው?

ታቦር ሥር፦ እትዬ፣ በእኔ ክንድ ይሁን። ግን ያሉት ነገር ለእኔው ይመሰክራል፤ እንሰቱን ያሳደጉት በየማለዳው እያዩት ነው። ማታ ባልዲ ይዞ በየመደቡ የሚዞር ሰው ቅጠል ሥር የተደበቀውን ትል ያያል።

የአፈር ልጅ፦ ታዲያ ያለ ባልዲ ይዙራ!

ታቦር ሥር፦ ያለ ባልዲ ማን ዞሮ ያውቃል?

አወያይ፦ (አወያይነቴን ልርሳውና፣ እዚህ ላይ ታቦር ሥር ረትቷል።)

ነርሷ፦ ቆይ፣ ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ ላይ የእበት ውሃ ልትረጩ ነው?

ታቦር ሥር፦ የቀንድ ፍጉ ለአፈር ነው። ቅጠል ላይ የሚረጨው ሌላው ነው፣ ከተፈጨ ኳርትዝ ድንጋይ የሚዘጋጀው።

ነርሷ፦ መርጫውን የያዘው ልጅ ይሄን ይለያል? ሰላጣ አጠገብ እንዳይደርስ ተብሎ በጽሑፍ ይግባ።

የአፈር ልጅ፦ እንግዲህ እንዲህ ይሁን። ለሥልጠናው የገባው ሰዓት ለኮምፖስት ይሰጥ፤ ቀንዱ ወጥቶ በማኅበሩ ማሳ ይሞከር። ሦስት ዓይነት በርሜል፦ ልብ ተሰጥቶ የተማሰለ፣ ሰው ስልኩን እያየ ያማሰለው፣ ንጹህ ውሃ። ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት የጎመን መደብ። የሚረጨውም ጎመኑን የሚመዝነውም የትኛው የማን እንደሆነ አይነገረው።

ታቦር ሥር፦ ልብ በሚዛን! እሺ፣ ይሁን። ግን ስልክ የሚያየውም አንዷን ሰዓት ሳያጎድል ያማስል።

ከይርጋለም፦ ለዚያኛው በርሜል እኔ አለሁ። ኳስ ያለበት ምሽት ይሁንልኝ።

የጓሮ እናት፦ በርሜሎቹ ኬሚካል ያልነበረባቸው ይሁኑ። ቀንዱን ደግሞ በቀን ቅበሩት፣ ሰው እያየ።