ከተማሪዎቼ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሽቦ ቅርጻ ቅርጽ ልንሞክር ነው፣ ከምን እንጀምር?

የሥዕል መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች ሥዕል አስተምራለሁ፣ እስካሁን እርሳስና ቀለም ብቻ ነበር አሁን ግን ሽቦ ላስሞክራቸው ነው፣ እኔም በሽቦ ሠርቼ አላውቅም። ምን ዓይነት ሽቦ ይሻላል? መጀመሪያ ምን ቢሠሩ ነው ተስፋ የማይቆርጡት? ጫፉ ዓይናቸውን እንዳይወጋም እየሰጋሁ ነው።

ሞረድ፦
እህቴ አልሙኒየም ያዢ። ለዋናው ቅርጽ 2 ሚሊ፣ ለማሰሪያና ለጥቃቅኑ 1 ሚሊ ይበቃል፣ በእጅ ይታጠፋል። ዚንክ የተቀባው የብረት ሽቦ ለጀማሪ ልጅ አይሆንም፣ ያጠፉትን መልሶ ይዘረጋል ጣታቸውም ቶሎ ይደክማል።
የዓይኑ ነገር ግን ቀልድ የለውም፣ መነጽር ያላደረገ ልጅ ፒንሳ አይንካ። ሲቆረጥ የምትፈናጠረው ትንሿ ቁራጭ ናት፣ እሷን በሌላው እጅ ይዘው ወደ መሬት አዙረው ይቁረጡ፣ የቀረውን ጫፍ ደግሞ ወዲያው በሹል አፍ ፒንሳ ጠቅለል ያርጉት። በረጅሙ ቆርጠሽም አትስጫቸው፣ ሲያዞሩት ጎረቤታቸውን ይመታል።

አንድ መስመር፦
ሞረድ ያለው ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው ከሽቦው በፊት ወረቀት ይቅደም። እርሳሱን ሳያነሱ የጎን ፊት በአንድ መስመር ይሳሉ፣ ከዛ ክር በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ርዝመቱን ይለኩና ትንሽ ተርፎ ሽቦውን ይቁረጡ፣ እዛው ሥዕሉ ላይ እያስቀመጡ ያጥፉ። ሥዕል የሚወድ ልጅ በዚህ መንገድ ሽቦውን አይፈራውም። የአሜሪካዊውን ቀራጭ የአሌክሳንደር ካልደርን ሥራም አሳዪያቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ፓሪስ እያለ ዳንሰኛዋን ጆሴፊን ቤከርን በሽቦ ብቻ ሠርቷታል፣ ሆዷን እንኳን ሽቦውን ጠምጥሞ ነው ያወጣው። ባትሪ አብርተሽ ጥላውን ግድግዳ ላይ ካሳየሻቸው ደግሞ የጎደለው መስመር የቱ እንደሆነ ራሳቸው ይነግሩሻል።

ጣት፦
እኔ በዚህ አልስማማም፣ ፊት ከባድ ነው፣ አልመሰለም ብለው ይተውታል። ዓሣ ወይ ወፍ ይሻላል፣ ቢጣመምም ወፍነቱ አይጠፋም።

የሥዕል መምህርት፦
በጣም አመሰግናለሁ! ወፍ እናርገዋ። ሁለት ሽቦ ያለ ብየዳ እንዴት ይያያዛል? እንዲቆምስ?

ሞረድ፦
በቀጭኑ ሽቦ አጥብቀሽ አምስት ስድስቴ ጠምጥሚና በፒንሳ ጫን በይው፣ ልል ከሆነ ይሽከረከራል። ለማቆም እንጨት ላይ የሽቦውን ያህል ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አውጥተሽ በኮላ ትከይው። አንድ ነገር ግን ቶሎ ንገሪያቸው፣ አንዱን ቦታ ደጋግመው ካጠፉና ከዘረጉ ሽቦው እዛው ይደርቅና ይሰበራል፣ አንዴ አስተካክለው ካልሆነ ያንን ክፍል ቆርጠው በአዲስ ይቀጥሉ።