ለቆየ ተቅማጥ የሰገራ ምርመራ፦ "አልታየም" ከተባለ በኋላ ምን ይታዘዝ?

ጥያቄ (ጠቅላላ ሐኪም)
ሰላም ለሁላችሁ። ተቅማጥ ከያዛቸው አራት ሳምንት ያለፋቸው ብዙ ታካሚዎች "ኦቫ ፓራሳይት (የተውሳክ እንቁላልም ሆነ ተውሳክ) አልታየም" የሚሉ ሁለት ሦስት ወረቀቶች ይዘው ይመጣሉ። ብዙዎቹ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል የተባሉትን የተውሳክ መድኃኒቶች ወስደዋል። ውጤቱ ምን ያህል ይታመናል? ከዚህ በኋላስ ላብራቶሪውን ምን ልጠይቅ?

መልስ (የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት)
ዶክተር፣ መጀመሪያ ናሙናው ስንት ሰዓት እንደቆየ ይጠይቁ። ውሃማ ሰገራ ከወጣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልታየ ትሮፎዞይቱ (ተንቀሳቃሹ ተውሳክ) መንቀሳቀሱን አቁሞ ይፈራርሳል። ከቤት መጥቶ ወረፋ የጠበቀ፣ ወይም ሽንት የገባበት ናሙና ላይ "አልታየም" መባሉ ብዙም አይነግርዎትም።

ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ተውሳክ ደግሞ በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም። ስለዚህ በአሥር ቀን ውስጥ፣ ቀን እየዘለሉ ሦስት ናሙና ያስፈልጋል፤ በአንድ ቀን ሦስት ዕቃ ማምጣት ይህን አይተካም። መድኃኒት የወሰደ ሰው ከጨረሰ በኋላ ሁለት ሳምንት ገደማ ቢቆይ ይሻላል።

ሰገራው በሳላይን (በጨው ውሃ) ተበጥብጦ ብቻ ከታየ፣ ተውሳኩን አጠራቅሞ የሚያሳየውን ፎርሞል ኤተር ይዘዙ። 1 ግራም ገደማ ሰገራ በ7 ሚሊ ሊትር 10% ፎርማሊን ይበጠበጣል፤ በጋዝ ጨርቅ ተጣርቶ 3 ሚሊ ሊትር ኤተር ይጨመርና በደንብ ተንጦ ሴንትሪፊዩጅ ይደረጋል። አራት ንብርብር ይወጣል፦ ከላይ ኤተር፣ ቀጥሎ የቅባትና የቆሻሻ ክዳን፣ ከዚያ ፎርማሊን፣ ከታች ዝቃጩ። ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው፦ ክዳኑን በእንጨት ዙሪያውን ሳያላቅቁ ከደፉት ቆሻሻው ዝቃጩ ላይ ይወርድና ስላይዱ አይነበብም። ፎርማሊን ተንቀሳቃሹን ስለሚገድል ሳላይኑ ከዚህ በፊት መታየት አለበት። ስትሮንጊሎይደስ የተባለውን የአንጀት ትል ከጠረጠሩ፣ በተለይ ታካሚው ስቴሮይድ ሊጀምር ከሆነ፣ ትኩስ ሰገራ ልከው ቤርማን (የትሉ እጮች ከሰገራው ወደ ሞቀ ውሃ ወጥተው የሚታዩበት ዘዴ) ይጠይቁ።

መልስ (የማይክሮስኮፒ ክፍል ባለሙያ)
በላዩ የምጨምረው፦ ኤችአይቪ ያለበት፣ በተለይ ሲዲ4ው (የመከላከያ ሴሉ ቁጥር) ከ100 በታች የሆነ ታካሚ ከሆነ "የሰገራ ምርመራ" ብቻ ብለው አይጻፉ። "ሞዲፋይድ ዚል ኒልሰን፣ ለክሪፕቶስፖሪዲየምና ለአይሶስፖራ" ብለው ማቅለሚያ ዘዴውንና ሁለቱን ተውሳኮች በስም ጠርተው ይዘዙት፤ ካልታዘዘ ቀለሙ አይሠራም።

ስላይድ ላይ በስሱ የተቀባው ሰገራ በሜታኖል 3 ደቂቃ እንዲጣበቅ ይደረጋል፤ ካርቦል ፉክሲን ሳይሞቅ 15 ደቂቃ፤ 1% አሲድ አልኮል ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፤ ከዚያ ማላካይት ግሪን ወይም ሜቲሊን ብሉ። እንደ አክታ ስላይድ ደቂቃዎች አሲድ ውስጥ ካቆዩት ኦኦሲስቱ (የተውሳኩ እንቁላል መሰል ቅርጽ) ቀለሙን ይለቅና "ኔጌቲቭ" ይሆናል። ክሪፕቶ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን የሆነ ቀይ ክብ ነው፤ እርሾ መጠኑ ቢቀራረብም አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። አይሶስፖራ በጣም ይተልቃል፣ ሞላላም ነው። በኮትሪሞክሳዞል ስለሚታከም ሳይታይ ማለፉ ያስቆጫል።

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)
"የአሜባ ሲስት ታየ" የሚለውንም ሳይጠራጠሩ አይቀበሉ። በሽታ የምታመጣው አሜባ ሂስቶሊቲካና ጉዳት የሌላት አሜባ ዲስፓር በማይክሮስኮፕ አይለዩም፤ ቀይ የደም ሴል የዋጠ ትሮፎዞይት ካልታየ ለቆየ ተቅማጥ ምክንያቱ ተገኘ ማለት አይቻልም።

ተውሳክ በትክክል ተፈልጎ ከጠፋ ካልፕሮቴክቲን (በሰገራ ውስጥ የአንጀት ብግነትን የሚያሳይ ፕሮቲን) ያስለኩ። ከ50 ማይክሮግራም በግራም በታች ከሆነ የአንጀት ብግነት አይመስልም፤ ከ250 በላይ ከሆነ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ያስፈልጋል። ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስድ ሰው ላይ ከፍ ስለሚል አስቀድመው ይጠይቁ። የአንጀት ቲቢም ክሮንስ የተባለው የአንጀት ብግነት በሽታም ከፍ ያደርጉታል፤ ሁለቱን አይለይልዎትም።

ሰገራው ውሃ ከሆነ በውስጡ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም (በሚሊሞል በሊትር) ይለካ። ከ290 ላይ የሁለቱን ድምር እጥፍ ይቀንሱ፦ ሶዲየም 30፣ ፖታሲየም 40 ቢሆን 290 ሲቀነስ 140፣ 150 ይሆናል። ከ100 በላይ ከሆነ ያልተፈጨ ነገር ውሃ እየሳበ ነው፤ ወተትና ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት ይጠየቅ። ከ50 በታች ከሆነ አንጀቱ ራሱ እያመነጨ ነው፤ ታካሚው ቢጾምም አይቆምለትም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኤተር ከጠፋስ?

መልስ (የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት)
ኤቲል አሲቴት በዚያው መጠን ይሠራል፤ እንደ ኤተርም ቶሎ እሳት አይዝም።