የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለመባል ፈቃድ ይጠየቅ? ፈቃዱንስ ማን ይስጥ?

አወያይ፦
ከአባሎቻችን አንዱ ለክርክር ያቀረበው ሐሳብ «በቤተ መጻሕፍት ሙያ ያልሠለጠነና ያልተመዘገበ ሰው በባለሙያነት እንዳይቀጠር በሕግ ይከልከል፤ ፈቃዱንም የሙያ ማኅበሩ ይስጥ» የሚል ነው። ለመንደርደሪያ ያህል፣ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1876 በፊላደልፊያ፣ የብሪታንያው ደግሞ በ1877 ተመሥርተዋል፤ ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ኢፍላም የብሪታንያው ማኅበር ሃምሳኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1927 በኤድንብራ ተቋቁሟል። እነዚህ ሁሉ በፈቃደኝነት የሚገባባቸው ማኅበራት ናቸው። በሌላ በኩል ብራዚል በ1962፣ ፊሊፒንስ በ1990፣ ናይጄሪያ በ1995 ባወጧቸው ሕጎች ሙያውን በምዝገባ አጥረውታል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከጉዳዩ እንዳትወጡ አደራ እላለሁ።

መዝገበኛው፦
ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ ስለሆንሁ ምክንያቴን ላስረዳ። አንድ ሩሲያዊ ደራሲ እናስብ፤ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንግሊዞች በአንድ መንገድ፣ ፈረንሳዮች በሌላ፣ ጀርመኖች ደግሞ በሦስተኛ መንገድ ይጽፉታል። ሙያውን ያልተማረ ሠራተኛ በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያየውን እየገለበጠ ሲመዘግብ የአንዱ ሰው ሥራዎች በካታሎጉ፣ ማለትም በመጻሕፍቱ ዝርዝር መዝገብ፣ ውስጥ በሦስት ቦታ ይበታተናሉ። አንባቢው አንደኛውን አጻጻፍ ፈልጎ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል፤ የቀሩት መጻሕፍት ከመደርደሪያው ላይ ሳይነሡ ይኖራሉ። ስሕተቱን ማንም አያየውም፤ ምክንያቱም የጠፋ መጽሐፍ የለም፣ የሚያማርር ሰውም የለም። የተበላሸ ድልድይ ይፈርሳል፣ የተበላሸ ካታሎግ ግን ሠላሳ ዓመት እያሳሳተ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን የማይታይ ጥፋት መከላከል የሚቻለው በር ላይ ነው፤ በሩን የሚጠብቀውም ሥራውን የሚያውቀው ማኅበር ሊሆን ይገባል። የሐኪም፣ የጠበቃና የመሐንዲስ ፈቃድ ተፈጥሯዊ መስሎ የሚታየን እኛ ዘንድ ሲደርስ ለምን ቅንጦት ይሆናል?

የንባብ ክፍል ሠራተኛ፦
መዝገበኛው ስለ ካታሎግ የጻፉት ትክክል ነው፤ መደምደሚያቸው ግን ከማስረጃቸው አይከተልም። እኔ የምሠራው ማጣቀሻ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ስለ ኩላሊት መጽሐፍ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የመደርደሪያውን ቁጥር ነግሮ መሸኘት ይቻላል። ቆም ብሎ፣ ፊቱን ዐይቶ፣ «ለትምህርት ነው ወይስ ለራስዎ?» ብሎ የሚጠይቅ ሠራተኛ ግን ሰውየው የፈለገው የአናቶሚ መጽሐፍ ሳይሆን ለእናቱ የታዘዘላትን መድኃኒት ከምግብ ጋር እንዴት እንደምትወስድ የሚያስረዳ ጽሑፍ መሆኑን ይደርስበታል። ይህን ጥበብ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ የተካነችው ዲግሪ የሌላት የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። በቀረበው ሕግ መሠረት ከነገ ጀምሮ ባለሙያ መባሏ ይቀራል፤ በእርሷ ቦታም ያን ጥያቄ መጠየቅ የማያውቅ ባለ ወረቀት ይቀመጣል።

ታሪክም ከእኔ ጋር ነው። በ1939 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ገጣሚውን አርቺባልድ ማክሊሽን ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት ሲያጩ የአሜሪካው ማኅበር «ሙያውን አያውቅም» ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። ሴኔቱ ግን ሹመቱን አጸደቀ፤ ማክሊሽም እስከ 1944 በቆዩበት ጊዜ የተቋሙን አደረጃጀት ከሥር አዋቀሩት። ማኅበሩ በሩ ላይ ቢሆን ኖሮ አይገቡም ነበር።

መዝገበኛው፦
አንድ ማክሊሽ ደንብ አይሆንም። በዙሪያቸው የነበሩት የካታሎግና መጻሕፍትን በየርእሱ የመመደብ ባለሙያዎች ባይሠለጥኑ ኖሮ ምን ያዋቅሩ ነበር? ደግሞም እኔ የጠየቅሁት ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እንጂ ፕሬዚዳንት ለሚሾመው የበላይ ኃላፊ አይደለም። ስለ ባልደረባዎ የጻፉትን ግን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ የፊሊፒንስ ሕግም ሲወጣ በሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች በተወሰነ ሁኔታ ያለ ፈተና የሚመዘገቡበትን መንገድ ከፍቶ ነበር። መፍትሔ የሌለው ችግር አይደለም።

የሕግ ሰው፦
ሁለታችሁም ሐሳቡ ውስጥ ያለውን ትልቁን ችግር ዘላችሁታል። ሐሳቡ ሁለት ነገሮችን በአንድ ገመድ ያስራል፤ አንደኛው ፈቃድ ግዴታ ይሁን የሚለው ነው፣ ሁለተኛው ፈቃዱን ማኅበሩ ይስጥ የሚለው ነው። አወያያችን የጠቀሷቸውን ሦስት አገሮች ብንመለከት ሁለተኛውን ያደረገ የለም። በናይጄሪያ የቤተ መጻሕፍት ማኅበሩ የተመሠረተው በ1962 ሲሆን ምዝገባውን የሚያካሂደው ግን በ1995 ድንጋጌ የተቋቋመ ሌላ የመንግሥት ምክር ቤት ነው። በፊሊፒንስ ከ1992 ጀምሮ ፈተናውን የሚሰጠው የሙያዎች ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነው፤ ማኅበሩ ግን ከ1923 ጀምሮ የነበረ ነው። በብራዚልም ፌዴራላዊውና ክልላዊዎቹ የሙያ ምክር ቤቶች ከማኅበራቱ የተለዩ ናቸው።

ይህ አጋጣሚ አይደለም። ማኅበር የአባሎቹን ጥቅም ለማስጠበቅ የቆመ ነው፤ ፈቃድ ሰጪ ደግሞ ሕዝቡን፣ አስፈላጊ ሲሆንም ከአባሎቹ ጭምር፣ ለመጠበቅ የቆመ ነው። አንድ አንባቢ በአንድ ባለሙያ ላይ አቤቱታ ቢያቀርብ ዳኛውና የተከሳሹ ጠበቃ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። መዋጮ ከሚከፍል ሰው ላይ ፈቃድ መንጠቅም ለማኅበር በጀት የሚመች ነገር አይደለም፤ ይህን የምለው ማኅበራትን ለማሳጣት ሳይሆን ሒሳቡ እንዲህ ስለሆነ ነው።

የንባብ ክፍል ሠራተኛ፦
የሕግ ሰው በጨዋነት ያለፉትን እኔ በግልጽ ልናገረው። በር ጠባቂነት ለማኅበር ሲሰጥ ማንን እንደሚያስቀር አይተናል። በ1930 የተመሠረተው የደቡብ አፍሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1960ዎቹ ውስጥ የነጮች ብቻ ሆኖ ሌሎቹ በየዘራቸው ለየብቻ እንዲደራጁ ተደረገ፤ ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበው አዲሱ ማኅበር የተቋቋመው በ1997 ነው። በአሜሪካም በ1936 በሪችመንድ በተካሄደው ጉባኤ ጥቁር ባለሙያዎች ተለይተው እንዲቀመጡ መደረጉ የታወቀ ነው፤ የደቡብ ግዛቶች ማኅበራትም ጥቁሮችን ሳይቀበሉ ዓመታት ቆይተዋል። የአሜሪካው ማኅበር ኃላፊዎች ዘር በሚለዩ የግዛት ማኅበራት መድረክ ላይ እንዳይሳተፉ የሚከለክለው ውሳኔ የጸደቀው በ1964 ነው፤ ሐሳቡን ያቀረቡት ጥቁሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ኢ ጄ ጆሲ ራሳቸው ከተገለሉት አንዱ ነበሩ። በዚያ ዘመን አባልነት የሥራ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ ጆሲ ጉባኤው ላይ እጃቸውን የሚያነሡበት ወንበር እንኳ ባልነበራቸው።

መዝገበኛው፦
ይህ ከባድ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን ዩኒቨርሲቲዎችም፣ ፍርድ ቤቶችም፣ መንግሥታትም እንዲሁ ያገልሉ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ፈቃዱ በመንግሥት እጅ ቢሆን ኖሮ ጥቁሩ ባለሙያ ይሻለው ነበር ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

ስደተኛዋ ካታሎገር፦
ዘግይቼ ብገባም የምጨምረው አለኝ። ዲግሪዬን በአንድ አገር ይዤ በሌላ አገር ሥራ ፈልጌአለሁ፤ ስለዚህ የበሩን ጉዳይ ከውጭ በኩል ነው የማየው። አገሮች የሚፈትኑት ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። የብሪታንያው ማኅበር ከ1885 ጀምሮ ሰውን ራሱን ይፈትን ነበር። የአሜሪካው በ1924 ባቋቋመው የትምህርት ቦርድ በኩል ሰውን ትቶ ትምህርት ቤቱን መመዘን ጀመረ፤ እስከ ዛሬም ዕውቅና የሚሰጠው ለማስተርስ ፕሮግራሞች እንጂ ለግለሰቦች አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ማኅበሩ ከ1906 ጀምሮ ቢኖርም የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት በር የሚከፈተው በመንግሥት ውድድር ፈተና ነው። ጃፓን ደግሞ የባለሙያነቱን ማዕረግ በ1950ው የቤተ መጻሕፍት ሕግ ወስናለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ለእኔ ለመጤዋ በጣም የተመቸኝ ልል የሆነው መንገድ ነበር። የአሜሪካው ማኅበር በሌላ አገር አግባብ ባለው አካል ዕውቅና የተሰጠውን የማስተርስ ፕሮግራም ቀጣሪዎች እንዲቀበሉ በፖሊሲው ያስቀመጠ በመሆኑ ቀጣሪው አንብቦ የመወሰን ዕድል አለው። ሙያው በሕግ በታጠረበት አገር ግን የቀጣሪው በጎ ፈቃድ ምንም አያደርግም፤ የትምህርት ማስረጃ አቻነት፣ ትርጉም፣ ማኅተም፣ እንደገና ትርጉም ነው። ካታሎግ የሚሠራበት የምደባ ሥርዓት በብዙ አገር አንድ ሆኖ ሳለ ሠራተኛዋ ድንበር ላይ ትቀራለች። መዝገበኛው ይህን አስበውበታል?

መዝገበኛው፦
እህቴ፣ ችግርሽ እውነተኛ ነው። ግን የሐኪምና የነርስ ማስረጃም ድንበር ላይ ይጉላላል፤ ከዚህ ተነሥተን የሕክምና ፈቃድ ይቅር አንልም። እኔ ይልቅ በሌላው ወገን ያለውን አደጋ ላንሣ። ሁሉም ነገር በፈቃደኝነት የሆነበት ማኅበር የሚያስረው ነገር የለውም። በ1946 የተመሠረተው የካናዳ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2016 ፈርሶ ቦታውን የማኅበራት ፌዴሬሽን ተካው፤ ግለሰብ ባለሙያ በቀጥታ አባል የሚሆንበት አገር አቀፍ ማኅበር ቀረ። አባልነት ለሥራ የማያስፈልግ ከሆነ መዋጮው በመጀመሪያው የኑሮ ጭንቅ ይቆረጣል።

የሕግ ሰው፦
የካናዳው ጉዳይ ወደ ሌላ ጥያቄ ይወስደናል፤ ማኅበሩ የማን ነው? ጀርመኖች ይህን ለይተውታል። ተቋማቱ የሚሰበሰቡበት ማኅበር አንድ ነው፣ ግለሰብ ባለሙያዎች የሚሰበሰቡባቸው ደግሞ ሌሎች ናቸው፤ ከእነዚህ አንጋፋው በ1900 ተመሥርቷል። የአሜሪካው ግን ቤተ መጻሕፍቱንም፣ የቦርድ አባላቱንም፣ ሠራተኛውንም በአንድ ያቀፈ ነው። በዚህም የተነሣ ለግለሰቦች የብቃት ማረጋገጫ መስጠትና ስለ ደመወዝ መሟገት ሲፈልግ ራሱን የቻለ እህት ድርጅት ማቋቋም አስፈልጎታል። መዝገበኛው ፈቃዱን ለማኅበር እንስጥ ሲሉ ቀጣሪውና ተቀጣሪው አብረው ለሚመሩት ማኅበር ነው ወይ? ከሆነ ቀጣሪው የሠራተኛውን ፈቃድ በእጁ አስገባ ማለት ነው።

የንባብ ክፍል ሠራተኛ፦
ለመንግሥት ቢሰጥስ ደኅና ነው ወይ? በ2005 በአሜሪካ ኮነቲከት የአንድ የቤተ መጻሕፍት የትብብር ድርጅት አራት ኃላፊዎች የተጠቃሚ መረጃ እንዲሰጡና ስለ ጉዳዩም ለማንም እንዳይናገሩ የሚያዝ የደኅንነት ደብዳቤ ከመንግሥት ደረሳቸው። እምቢ ብለው መንግሥትን ከሰሱ፤ የአሜሪካው ማኅበርም ከጎናቸው ቆመ። የሥራ ፈቃዳቸው በዚያው መንግሥት መሳቢያ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ልብ ይኖራቸው ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። የጃፓን ባለሙያዎች በ1954 ሳንሱርን ለመቃወም መግለጫ ሲያወጡ፣ በ1979 ሲያሻሽሉትም የአንባቢን ምስጢር መጠበቅን ሲጨምሩበት በማኅበራቸው ስም ነው ያወጡት። የማኅበር ጉልበቱ ይኼ ይመስለኛል፤ ፈቃድ ሰጪነት ሲጨመርበት ከመንግሥት ጋር ይለምዳል።

የሕግ ሰው፦
ጠበቆችም ፈቃድ እያላቸው መንግሥትን በየቀኑ ይከሳሉ። ወሳኙ ፈቃድ መኖሩ ሳይሆን ፈቃድ የሚነጠቅበት ምክንያት በሕጉ ውስጥ ተዘርዝሮ መቀመጡና ውሳኔው በፍርድ ቤት የሚታይ መሆኑ ነው። ሥጋቱን ግን አላናንቅም።

መዝገበኛው፦
እንግዲህ ሐሳቤን ላሻሽል። «ፈቃዱን ማኅበሩ ይስጥ» የሚለውን አንሥቻለሁ፤ መዝገቡን ከማኅበሩም ከሚኒስቴሩም የተለየ ምክር ቤት ይያዝ፣ የአንባቢዎች ተወካዮችም ይቀመጡበት። ማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብና የሥልጠና መመዘኛ ያዘጋጅ። በሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች በልምዳቸው ይመዝገቡ። የሌላ አገር ማስረጃም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልስ ይሰጠው። ያለ ምዝገባ አይቀጠር የሚለውን ግን አላነሣም።

የንባብ ክፍል ሠራተኛ፦
ማሻሻያውን አከብራለሁ፣ ድምፄ ግን አሁንም ተቃውሞ ነው። ብራዚልን እንደ ምሳሌ ስለጠራችሁ እስከ መጨረሻው እንከተላት። ሙያው ከ1962 ጀምሮ በሕግ የታጠረባት አገር በ2010 ደግሞ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአሥር ዓመት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት እንዲኖረው፣ የባለሙያውም ሕግ እንዲከበር ደነገገች። ቀነ ገደቡ በ2020 አለፈ፤ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ቤተ መጻሕፍት አልነበራቸውም። የገንዘብ እጥረት ዋናው ምክንያት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ለሦስት መቶ ልጆች አንድ ክፍል መጻሕፍት ያለው፣ የተመዘገበ ባለሙያ ግን የማይገኝበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ምን ያድርግ? ንባብ የምትወድ መምህርት ቁልፉን ትያዝ ወይስ በሩ ይቆለፍ? በተሻሻለው ሐሳብ ላይ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት መዝገበኛው ለዚህ ርእሰ መምህር የሚሆን አንቀጽ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ።

አወያይ፦
ጥያቄው ተገቢ ሆኖ ስላገኘሁት ድምፅ መስጠቱ እስከ መጪው ሰኞ ተላልፏል። መዝገበኛው አንቀጹን እስከ ዓርብ ያቅርቡ፤ ስደተኛዋ ካታሎገርም ስለ ማስረጃ አቻነት የሚሆን አንድ አንቀጽ ቢያክሉበት ደስ ይለናል።