አስቸኳይ! የቀንዳም ዳይኖሰሮቹ ስም ተላጠ፣ ለነገ ጠዋት ይፈለጋል

የናቲ አባት (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ልጄ ነገ ጠዋት ክፍል ውስጥ የቀንዳም ዳይኖሰሮችን የዘር ሐረግ ያቀርባል። ካርቶኑ ላይ ቅርንጫፎቹ ተሥለው አልቀዋል። አሁን ከሥራ ስገባ ታናሽ ወንድሙ የስም ስቲከሮቹን ከአሻንጉሊቶቹ ሆድ ላይ አንድ በአንድ ልጦ ጨርሷል። ናቲ አልቅሶ አልቅሶ ተኛ። የአንዱ የአፍንጫ ቀንድም ተገንጥሏል፣ ጉብታው ብቻ ነው የቀረው። ሶፋ ሥር ገብቼ ፈልጌ አጣሁት። የትኛው ማን እንደሆነ በምን ልለይ?

ቡና በጨው፦
ቀንዱን በሱፐር ግሉ ለጥፈው ወንድሜ። አለቀ።

የናቲ አባት፦
ቀንዱ ጠፍቷል እኮ ነው የምልህ።

የሦስት ልጆች እናት፦
ስንት ናቸው? ስማቸውስ? ሳትነግረን እኛ ጠንቋይ ነን እንዴ?

የናቲ አባት፦
ይቅርታ፣ ተደናግጬ ነው። ሲታኮሳውረስ፣ ፕሮቶሴራቶፕስ፣ ስታይራኮሳውረስ፣ ፓኪራይኖሳውረስ፣ ቶሮሳውረስ፣ ትራይሴራቶፕስ፣ ካርኖታውረስ። አሻንጉሊቶቹ ሰባት፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቦታ ግን ስድስት። አንደኛው ትንሽ ነው፣ በሁለት እግሩ የቆመ፣ ቀንድ የሚባል ነገር የለውም። ከሌላ ሳጥን የገባ ስለመሰለኝ አውጥቼዋለሁ።

ጋሽ አጥንቱ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ የምትኖርበትን አገር ታሪክ እወቅ። በ1887 እዚያው ዴንቨር አጠገብ ሁለት ትልልቅ ቀንዶች ተገኙ። ማርሽ የሚባለው ታዋቂ ሊቅ አይቶ «ይህ ግዙፍ ጎሽ ነው» አለ። የጎሽ ስምም አወጣለት። ቆይቶ ከዋዮሚንግ የራስ ቅል ሲመጣለት ነገሩ ገባው፤ በ1889 ትራይሴራቶፕስ አለው። በዓመቱ ደግሞ ለመላው ወገን ሴራቶፕሲያ የሚል ስም ሰጠ። እንግዲህ ሊቁም ቀንድ አይቶ ተሳስቷል፤ አንተም...

ቡና በጨው፦
ጋሼ፣ ሰውየው ለነገ ጠዋት ነው ያለው ሃሃሃ። ሱፐር ግሉ!

ድንጋይ ለቃሚ፦
የጋሼ ነገር ረዘመ እንጂ ቁም ነገሩ እዚያ ውስጥ አለ። ያወጣኸውን ትንሹን አሁኑኑ መልሰው! ሲታኮሳውረስ እሱ ነው። በሬ የሚገዛ ሰው ቀንድ ብቻ አይቶ አይገዛም፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። እዚህም እንደዚያው ነው። የዚህ ወገን መለያ ምንቃሩ ነው። ከላይኛው መንጋጋ ጫፍ ላይ ሌላ ዳይኖሰር የሌለው አንድ ተጨማሪ አጥንት አላቸው፣ አፋቸው የበቀቀን የሚመስለው በሱ ነው። ቻይና ውስጥ ተገኝቶ በ2006 ስም የወጣለት ይንሎንግ 158 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ቀንድ የለውም፣ ያ አጥንት ግን አለው። ቀንዱ የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

መውጣት ያለበት ካርኖታውረስ ነው። ከዓይኑ በላይ ሁለት ቀንድ፣ ስለት ጥርስ፣ የሌሉ የሚመስሉ እጆች ያሉትን ፈልግ። የአርጀንቲና ሥጋ በል ነው። ለትራይሴራቶፕስ ከሚዛመደው ይልቅ ለዶሮ ይዛመዳል።

የናቲ አባት፦
ወይ ጉድ! እሱን እኮ መሐል ላይ ነበር ያቆምኩት።

የሦስት ልጆች እናት፦
ቀሪዎቹን ልንገርህ፣ የኔም ልጅ በዚህ በሽታ አልፏል። አራት እግር፣ ትንሽ የአንገት ጋሻ፣ ረጅም ቀንድ የሌለው ፕሮቶሴራቶፕስ ነው፤ በእውኑ በግ ቢያክል ነው፣ አገሩ ሞንጎሊያ። አፍንጫው ላይ አንድ ረጅም ቀንድ፣ ጋሻው ዙሪያ እሾህ ያለው ስታይራኮሳውረስ። ከዓይኑ በላይ ሁለት ረጃጅም ቀንዶች ያሏቸው ሁለቱ ትራይሴራቶፕስና ቶሮሳውረስ ናቸው። ጋሻው በጣም ረዝሞ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ቶሮሳውረስ፣ ጋሻው ድፍን የሆነው ትራይሴራቶፕስ።

ቅርንጫፉ እንግዲህ ለሁለት ይከፈላል። የአፍንጫ ቀንዳሞቹ ሴንትሮሳውሪን፣ የግንባር ቀንዳሞቹ ካስሞሳውሪን።

አልቀበልም፦
ይሄ «የአፍንጫና የግንባር» ሕግ አይሠራም። ዩታ የተገኘው ናሱቶሴራቶፕስ ሴንትሮሳውሪን ሆኖ እንደ በሬ ወደ ፊት የተቀለበሰ ረጅም የግንባር ቀንድ አለው። ደግሞ ቶሮሳውረስ የሚባል እንስሳ የለም፣ ያረጀ ትራይሴራቶፕስ ነው። በ2010 ተጽፏል።

ድንጋይ ለቃሚ፦
ስለ ናሱቶሴራቶፕስ ልክ ነህ፣ ግን ሰውየው ሳጥን ውስጥ የለም። ስለ ቶሮሳውረስ ደግሞ በ2012 መልስ ተጽፎበታል፤ ሁለቱም ወገን ውስጥ ያልጎለመሱም ያረጁም አጥንቶች አሉ የሚል። እኔ በዚህኛው ነኝ። በ2017 እዚያው ዴንቨር አጠገብ ቶርንተን ላይ ለግንባታ ሲቆፈር የወጣውም መጀመሪያ ትራይሴራቶፕስ ተብሎ፣ ኋላ ቶሮሳውረስ ሆኖ ነው የተገኘው። ናቲ ሁለቱን ጎን ለጎን ይለጥፋቸው፣ መምህሯ ከፈለገች ትከራከር።

ሲታኮሳውረስን ግን የሌሎቹ አባት አድርጋችሁ ግንዱ ላይ እንዳታቆሙት። የአጎት ልጅ ነው፣ ለብቻው ወደ ጎን የወጣ ቅርንጫፍ።

የናቲ አባት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግን ያ አፍንጫው የተገነጠለው ቀረ። የሱ ስም ፓኪራይኖሳውረስ መሆን አለበት፣ ቀንዱን ከየት ላምጣ?

ድንጋይ ለቃሚ፦
አልተገነጠለም! ፓኪራይኖሳውረስ ሲፈጠርም አፍንጫው ላይ ቀንድ የለውም፣ ወፍራም ሻካራ የአጥንት ጉብታ ነው ያለው። ያየኸው ጉብታ ራሱ ነው።

የናቲ አባት፦
አንድ ሰዓት ሙሉ ሶፋ ሥር ስርመሰመስ ነበር። ትንሹንም በሌለ ቀንድ ተቆጥቼው ተኝቷል። አንድ ነገር ብቻ፦ ናቲ ከሁሉም የሚወደው ካርኖታውረስን ነው። ጠዋት ከካርቶኑ ላይ ሲያጣው ምን ልበለው?

የሦስት ልጆች እናት፦
ጥግ ላይ ለብቻው አቁሙትና «እኔ የነሱ ዘመድ አይደለሁም» ብላችሁ ጻፉበት። ክፍሉ ሁሉ የሚስቀው በሱ ነው።

ጋሽ አጥንቱ፦
የናቲ አባት፣ ሁለት ቀን ሆነህ እኮ። እንዴት ሆነላችሁ?

ቡና በጨው፦
ቀንዱ ካልተገኘ ከሌላ አሻንጉሊት ቆርጠህ በሱፐር ግሉ...