ኤች1 ሦስት ቦታ መኖሩ ጎግል ላይ ይጎዳል?

ምጣድ_ጥገና፦
ሰላም ለሁላችሁ። በዎርድፕሬስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) የተሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥገና ድረ ገጽ ነው። የኤስኢኦ (ገጹ በፍለጋ ውጤት ከፍ እንዲል የሚረዳ) ፕለጊኑ፣ ማለትም ተጨማሪ ፕሮግራሙ፣ «3 ኤች1 ተገኝቷል፤ ከኤች2 ወደ ኤች4 ተዘልሏል» እያለ በቀይ ያሳያል (ኤች1 ዋናው የርዕስ ደረጃ ነው፤ ኤች2፣ ኤች3 እያለ ወደ ንዑስ ርዕስ ይወርዳል)። ርዕሶቹ «እንኳን ደህና መጡ»፣ «አገልግሎታችን»፣ «ለምን እኛን ይመርጣሉ» የሚሉ ናቸው። ቀዩ ቢጠፋ ገጹ ወደ ላይ ይወጣል? ከየትኛው ልጀምር?

ኮድ_ጠጋኝ፦
ቀዩን ለጊዜው ተወው ወንድሜ። የኤች1 መብዛት ብቻውን አያስቀጣም፤ የጎግሉ ጆን ሙለር እ.ኤ.አ. በ2019 ገጹ ኤች1 ባይኖረውም አምስት ቢኖረውም ጥሩ ደረጃ ሊያገኝ እንደሚችል ተናግሯል። ያንተ ችግር ቃላቱ ናቸው። ጎግል ላይ ገብቶ «አገልግሎታችን» ብሎ የሚፈልግ ማን አለ? ርዕስ የሚጠቅመው ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ስለ ምን እንደሆነ ሲናገር ነው። እንዲህ ሞክረው፦

ኤች1፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥገና በአዲስ አበባ
ኤች2፦ ምጣዱ የማይሞቀው ለምንድን ነው?
— ኤች3፦ ሽቦው ሲበጠስ
— ኤች3፦ ገመዱ ወይም ሶኬቱ ሲቃጠል
ኤች2፦ መሃሉ እያረረ ዳሩ አልበስል ሲል
ኤች2፦ የጥገና ዋጋ
ኤች2፦ ቤት ድረስ የምንመጣባቸው ሰፈሮች

ከየኤች2ው ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ለርዕሱ መልስ ይስጥ። «የጥገና ዋጋ» ብለህ ከሥሩ «ይደውሉልን» ብቻ ከጻፍክ አንባቢም ተመልሶ ይወጣል። «አዲስ አበባ»ን ደግሞ በየርዕሱ አትሰካ፤ ኤች1 ላይ አንዴ ይበቃል።

ኤች1ና ታይትል ታግ (በፍለጋ ውጤትና በብራውዘር ትር ላይ የሚታየው የገጹ ርዕስ) ይስማሙ፣ ቃል በቃል አንድ ባይሆኑም። ጎግል ታይትሉ ካልተስማማው ከኤች1 ወስዶ በውጤቱ ላይ ሊያሳይ ይችላል። ያኔ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሊንክ ይወጣልሃል።

ቴም_ፈታሽ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ግን ሦስት መሆኑም ምንጭ አለው። ክሮም ላይ ኮንትሮልና ዩ ተጫን፣ ኮዱ ሲወጣ በኮንትሮል ኤፍ ኤች1ን ፈልግ። ብዙ ጊዜ አንዱ ሎጎው ላይ ነው (ቴሙ፣ ማለትም የገጹ ዲዛይን፣ ሎጎውን በኤች1 ይጠቀልለዋል)፣ ሁለተኛው የገጹ ስም፣ ሦስተኛው ስላይደሩ (ተንሸራታቹ ምስል)። በኤለመንተር (የዎርድፕሬስ ገጽ መገንቢያ ፕለጊን) የተሠራ ከሆነ ጽሑፉን ጠቅ አድርገህ «ኤችቲኤምኤል ታግ» የሚለውን ወደ ኤች2 ወይም ወደ ዲቭ (ርዕስ ያልሆነ ተራ ሳጥን) ቀይር። የሎጎውን ለመቀየር የሄደር ፋይሉን (የገጹን ራስጌ ኮድ) መንካት ግድ ከሆነ ቻይልድ ቴም (በዋናው ቴም ላይ ተደርቦ ለውጥህን የሚይዝ ቴም) ላይ ይሁን፤ አለዚያ ቴሙ አፕዴት በተደረገ ቁጥር ይጠፋል።

ኤች4 የመጣው ፊደሉ እንዲያንስ ተፈልጎ ይመስለኛል። መጠን በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ነው የሚስተካከለው። ደረጃ መዝለል ጎግልን ብዙም አያስጨንቀውም፤ የሚቸገሩት በስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚያነቡ ዓይነ ስውራን ናቸው። ኤንቪዲኤ በሚባለው ስክሪን ሪደር ላይ የኤች ቁልፍን ሲጫኑ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላሉ፤ በቁጥር ቁልፎች ደግሞ ደረጃ ይመርጣሉ። በቦልድ ብቻ የደመቀ አንቀጽ ለእነሱ ርዕስ አይደለም።

የፊደል_ነገር፦
ለአማርኛ ገጽ የምጨምረው አለኝ። ርዕሱ በፎቶሾፕ ተሠርቶ እንደ ምስል ከተለጠፈ ጽሑፍ ሆኖ አይቆጠርም። ከዩኒኮድ (የሁሉም ቋንቋ ፊደላት የጋራ ኮድ) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ለዓይን አማርኛ ነው፣ ኮዱ ውስጥ ግን የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ወደ ኖትፓድ ኮፒ አድርገህ አማርኛው ካልወጣ እንደገና ጻፈው።

የማውጫ (የርዕሶች ዝርዝር) ፕለጊን ካለህ ከርዕሱ ሊንክ ይሠራል። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ በኮምፒውተር የሚቀመጥበት ስልት) 3 ባይት ስለሆነ አድራሻው ውስጥ ወደ 9 ምልክት ይለወጣል፤ «የኤሌክትሪክ» የሚለው ብቻ 63 ይሆናል። ደረጃ አይቀንስም፣ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ግን ያስጠላል። ሊንኩ ውስጥ የሚገባውን የርዕሱን መለያ በላቲን ፊደል አሳጥረው።

«መሃል» ወይስ «መሀል»? ጎግል ላይ መጻፍ ጀምረህ የሚጠቁመውን እይ። ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀው መሣሪያ) ውስጥ ሰዎች በምን ቃል እንደመጡ ይታያል፤ በላቲን ፊደል የሚጽፉም ካሉ እዚያ ታገኛቸዋለህ። ርዕሱ ላይ በዛ ያለውን አጻጻፍ ያዝ።

ምጣድ_ጥገና፦
ስላይደሩም ሎጎውም ኤች1 ናቸው። ከተስተካከለ በኋላ ጎግል መቼ ያየዋል?

ኮድ_ጠጋኝ፦
ሰርች ኮንሶል ላይ የገጹን አድራሻ አስገብተህ ኢንዴክስ እንዲደረግ (በጎግል መዝገብ እንዲገባ) ጠይቅ። ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል፤ ደጋግሞ መጠየቅ አያፈጥነውም። እስከዚያ ርዕሶቹን ደግመህ አትቀያይር፣ የትኛው ለውጥ እንደሠራ መለየት ያቅትሃል።