የራሳችሁን ቤት ማከራየት አትችሉም ተባልን፤ ምን ይሻላል?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሚኒሶታ፣ ከሴንት ፖል አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ቤታችንን የገዛነው በ2021 ነው፣ ወለዱ ከ3% በታች። አሁን ባለቤቴ ዳላስ ሥራ አገኘና ልንሄድ ነው። መሸጥ ግን አልፈለግንም። ሁለት ሦስት ዓመት አይተን ልንመለስ እንችላለን፣ እንዲህ ያለ ወለድ ደግሞ ዛሬ ከየት ይመጣል? እናከራየው ብለን፣ ተከራይም አግኝተን፣ የኪራይ ላይሰንስ (የማከራያ ፈቃድ) ላወጣ ሲቲ ሆል፣ የከተማው አስተዳደር ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛዋ የሰፈራችንን ካርታ ከፍታ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ብሎካችን (የእኛ የቤቶች መደዳ) ላይ 21 ቤት አለ፤ ሁለቱ ቀይ ናቸው። «እነዚህ ላይሰንስ አላቸው፣ ከአንድ ብሎክ ከ10% በላይ ማከራየት አይፈቀድም፣ ሞልቷል» አለችኝ። ደንግጬ ዝም ብዬ ወጣሁ። ሞርጌጁን የምንከፍለው እኛ፣ ታክሱን የምንከፍለው እኛ! ይሄ ሕጋዊ ነው? የገጠመው ሰው ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

አባ ናትናኤል፦
እህቴ፣ አይዞሽ። የሚያናድድ ነገር ነው፣ ግን ጠበቃ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስሽ በፊት የዊኖናን ነገር ስሚ። ዊኖና እዚሁ ስቴታችን ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። በየሰፈሩ ቤቱ ሁሉ ለተማሪ እየተከራየ፣ መኪና ማቆሚያ እየጠፋ፣ ሌሊት ጫጫታ እየበዛ ሲሄድ በ2005 ከአንድ ብሎክ ከ30% በላይ ኪራይ እንዳይፈቀድ ደንብ አወጣች። ባለቤቶች ከሰሱ። አንደኛው ለሥራ ኢራቅ የሄደ ሰው ነበር፤ ቤቱን ገዢ አጣለት፣ እንዳያከራየው ደግሞ ደንቡ ያዘው። በ2014 የስቴቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለከተማዋ ፈረደ። ጉዳዩ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርስም፣ በዚያ መሃል የከሳሾቹ ሁኔታ ተለውጦ ስለነበር በ2015 ፍሬ ነገሩን ሳይወስን ዘጋው። ስለዚህ የይግባኙ ውሳኔ ባለበት ቀረ። የማንካቶና የኖርዝፊልድ ከተሞችም የየራሳቸውን የኪራይ ገደብ አውጥተው ነበር። በእኔ እምነት ትልቅ በደል ነው። ቀድሞ ላይሰንስ የያዘ ያተርፋል፣ ዘግይቶ የመጣ ይከለከላል። ዘግይተን የምንመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኛ ስደተኞቹ ነን።

ጎረቤት፦
ሐሳብሽ ገብቶኛል፣ ግን የሌላውንም ወገን ልንገርሽ። የእኔ ብሎክ ላይ አምስት ቤት የአንድ ኩባንያ ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ አናውቅም፣ ስልክ ቢደወል ማሽን ነው የሚያነሳው። ባለፈው ክረምት የአንደኛው ቤት በረዶ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይጠረግ ቀርቶ፣ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እዚያው በር ላይ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ተከራዮቹን አልወቅስም፤ ምስኪኖች ናቸው፣ ማሞቂያቸው ተበላሽቶ ስንት ጊዜ ደውለው የሚመጣ አላገኙም። ከ2008ቱ (በፈረንጆቹ) የቤት ገበያ ቀውስ በኋላ ኩባንያዎች ቤት በጅምላ ሲገዙ ሃይ ባይ ስላልነበረ ነው እዚህ የደረስነው። ገደብ ያስፈልጋል እላለሁ። ቢሆን ቢሆን ግን ገደቡ ባለቤቱ ስንት ቤት እንዳለው ታይቶ ቢሆን ነበር ደግ፤ አንድ ቤት ያለውና መቶ ቤት ያለው እኩል መታየት የለባቸውም።

ቤት አሻሻጭ ነኝ፦
ወደ መፍትሔው እንምጣ። አንደኛ ነገር፣ ያለ ላይሰንስ እንዳታከራዪ። «ማን ያየኛል» የሚሉ አሉ፤ ጎረቤት አንድ ጊዜ ከጠቆመ ቅጣት አለ፣ ተከራይሽም መሃል ላይ ሜዳ ላይ ይወድቃል። ደንቡን ራሱን በጽሑፍ ጠይቂና አንብቢው፣ ባንኮኒ ላይ በነገሩሽ ብቻ አትመለሺ። ብዙዎቹ ደንቦች ውስጥ ለችግር ጊዜ የሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ አለ፤ ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት መሄድ ወይም ቤቱ አልሸጥ ማለቱ የሚያስገባበት ቦታ አለ። ተጠባባቂ ዝርዝር ካለም ዛሬውኑ ተመዝገቢ። ዘመድ ሲኖርበት ደግሞ እንደ ኪራይ የማይቆጥሩ ከተሞች አሉ። እህት ወይም ወንድም አለሽ? ሚኒሶታ ውስጥ የቅርብ ዘመድ ከገባበት የሆምስቴድ (ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት የሚሰጠው) የታክስ ቅናሹም ላይቀር ይችላል፣ ካውንቲው ጋ ማመልከቻ ይሞላል። ለባዕድ ካከራየሽው ግን ያ ቅናሽ ይሄዳል። ኢንሹራንሱም ወደ አከራይ ፖሊሲ መቀየር አለበት፣ ይሄን ሰው ሁሉ ይረሳዋል።

ሰላም ከኢገን፦
ታውንሃውስ (ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ቤት) ያላችሁም ጠንቀቅ በሉ። እኛ ከተማው ፈቅዶልን የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው የከለከለን። ስንገዛ በፈረምነው ወፍራም ጥራዝ ውስጥ ነበረ፣ ማን አነበበው?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎረቤት፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ፤ በዚያ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። ደንቡን ኢሜይል አድርገውልኝ ማታ ከባለቤቴ ጋር አነበብነው። ጊዜያዊ ፈቃድ የሚል አንቀጽ አለው፣ አንድ ዓመት ነው፣ ለካውንስሉ (ለከተማው ምክር ቤት) ቀርቦ ነው የሚሰጠው። ታናሽ እህቴም ብሩክሊን ፓርክ አፓርታማ ውስጥ ናት፣ ውሏ ነሐሴ ላይ ያልቃል። ከሥራዋ ስለሚርቅ ግን እንጃ። ነገ ደውዬ አናግራታለሁ፣ የካውንስሉንም ማመልከቻ ጎን ለጎን አስገባለሁ። ካውንስል ፊት ቀርቦ የተናገረ ካለ፣ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚሰጡ ንገሩኝ።