በ47 ዓመቴ ማራቶን በ3 ሰዓት ከ15? ምን እያበላሸሁ ነው?

የሱሉልታው ጎልማሳ

ሰላም ናችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

47 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሱሉልታ፣ የምሠራው ፒያሳ ነው፣ ሥራዬም ቁጭ ብሎ መዋል ነው። ሩጫ የጀመርኩት ከአምስት ዓመት በፊት ስኳርህ እየወጣ ነው ተብዬ ደንግጬ ነበር። ከዚያ ለመደብኝ። ባለፈው ኅዳር ታላቁ ሩጫ ላይ በሌሊት ሄጄ ከፊት ተሰለፍኩና 10 ኪሎ ሜትሩን በ46 ደቂቃ ገባሁ። ልቤ ያበጠው ያኔ ነው።

አሁን ዱባይ ያለችው እህቴ ለጥር ማራቶን ና ብላኛለች። ማረፊያ አለ፣ መንገዱም ዝርግ ነው። የምፈልገው 3 ሰዓት ከ15 ነው። እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ4:37፣ በ4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ማለት ነው። ለባለቤቴ ስነግራት "መጨረሱ ብቻ አይበቃህም?" አለችኝ። አይበቃኝም፣ ምን ላድርግ።

በሳምንት ስድስት ቀን ጅቡ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ። 10 ወይ 12 ኪሎ ሜትር፣ ኪሎ ሜትሩን በ5:20 አካባቢ። እሁድ 22። ችግሩ ካለፈው ወር ጀምሮ ግራ እግሬ ከተረከዙ በላይ ጅማቱ ጋ ይይዘኛል። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ሽንት ቤት የምደርሰው ግድግዳ ተደግፌ ነው፣ ደረጃ የምወርደው በጎኔ። ሮጥ ሮጥ ስል ይለቀኛል፣ ቢሮ ውዬ ስነሳ ግን እንደገና ይጀምራል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ያየኝ ሰው "በዚህ ዕድሜ ሩጫ ምን ያደርግልሃል?" ብሎ ማስታገሻ ጽፎ ሸኘኝ። እግሬን እንኳ አልነካውም።

ሰዓቴም ፈቅ አላለም። ዕድሜ ነው ወይስ የማበላሸው ነገር አለ?

የቀድሞ ሯጭ

ጋሼ ሰላም ነው? እኔ ክለብ ውስጥ ስድስት ዓመት ሮጫለሁ፣ አሁን ትቼ ሾፌር ሆኛለሁ። ስለዚህ የምለው ከመጽሐፍ አይደለም።

ዕድሜዎ አይደለም። ያቺ 5:20 ነች ጉድ የሠራችዎት። እርስዎ ሰፈር ከፍታው 2,700 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ላይ በየቀኑ በ5:20 መሮጥ ለእርስዎ ቀላልም አይደለም፣ ከባድም አይደለም፣ መሃል ቤት ነው። ሰውነት አያርፍም፣ ፍጥነትም አይለምድም፣ እንዲሁ ድካም ብቻ ይጠራቀማል። እዚያው ሱሉልታ ትልልቆቹ አትሌቶች ጠዋት ሲወጡ አይተው አያውቁም? በቀላሉ ቀን ሲጀምሩ እኮ እያወሩ ነው፣ እርስዎም አብረው ሊሮጡ ይችላሉ። እኛ ጋ አሠልጣኙ የሚቆጣው የዘገየውን አልነበረም፣ በኢዚ ቀን የፈጠነውን ነበር። "ኮንዲሽንህን መንገድ ላይ አትድፋው" ይለን ነበር።

ስለዚህ አራቱን ቀን በ6:30 ይሩጡ፣ 7 ቢሆንም ችግር የለም። ጫካ ይግቡና ዚግዛግ ይሂዱ። በዛፎች መሃል እየተጠማዘዙ ሲሮጡ ሰዓት ማየቱ ትርጉም ስለሚያጣ ማፍጠኑም ይረሳል። ኮሮኮንች ላይ እንዳይበዛ። ከዚያ አንድ ቀን ፍጥነት፣ አንድ ቀን ረጅም፣ አንድ ቀን እረፍት። እረፍት ስል እረፍት ነው፣ አጥር ማጠር አይደለም።

ሌላው፣ አቃቂ ይውረዱ። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፣ እናንተ ጋ ደግሞ ይብሳል። እግርዎ 4:37ን ልልመድ ቢል እንኳ ሱሉልታ ላይ ትንፋሽዎ ቀድሞ እጅ ይሰጣል። አቃቂ 2,100 ሜትር አካባቢ ነው። ክለብ እያለን ለአስፋልት ልምምድ በሰርቪስ የሚያወርዱን እዚያ ነበር። በ15 ቀን አንዴ፣ እሁድ ከመኪናው በፊት፣ መጀመሪያ 8 ኪሎ ሜትር በ4:50፣ ቀስ በቀስ ወደ 16 ያሳድጉት። አዎ፣ ከሱሉልታ ከተማውን አቋርጦ መሄድ ነው፣ አውቃለሁ።

ሒሳቡን ከፈለጉ የ10 ኪሎ ሜትር ሰዓትዎን በ4.6 ያባዙት። 46 ደቂቃ 3 ሰዓት ከ31 ይመጣል። ዱባይ ከፍታም ዳገትም ስለሌለ የተወሰነ ደቂቃ ይቀንስልዎታል። 3:15 ግን ዛሬ እግርዎ ውስጥ የለም። ኅዳር ላይ 10ሩን በ43 ከገቡ ያኔ እናወራለን።

ጠርጣሪ

ሁላችሁም ስለ ሰዓት ታወራላችሁ። ሰውዬው ስኳር ተብሎ ነበር እኮ! ወንድሜ፣ ፍጥነት ከመጀመርህ በፊት ልብህን ታይ። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ)፣ ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ማነስም ካለ። ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው።

ደግሞ ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጣ ብላችሁ እንዳትመጡብኝ። ቀነኒሳ ቢሮ ውሎ አይደለም የሚሮጠው። እኔ ብሆን 3:30 ብዬ ሄጄ ፎቶ ተነሥቼ እመለሳለሁ።

የለገጣፎዋ

ጠርጣሪ ስለ ልቡ ያልከው ልክ ነው፣ ስለ ፎቶው ግን አልስማማም። ሰው ያማረውን ይሞክር። ማሞ ወልዴም ሜክሲኮ ኦሎምፒክ ላይ ማራቶኑን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፣ ያኔም ሽማግሌ ያሉት አይጠፉም።

ወንድሜ፣ እኔ 52 ነኝ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ የአንተ ተረከዝ ሕመም እኔንም ዓመት ሙሉ ተጫውቶብኛል። ያዳነኝ ማስታገሻው አይደለም፣ የማድ ቤቴ ደፍ ነው። እንዲህ ነው፦ ደፍ ወይም ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣቶችህ በኩል ትቆማለህ፣ ተረከዝህ አየር ላይ ይሆናል። በሁለቱም እግር ብድግ ትላለህ። ከዚያ ደህናውን አንሥተህ በታመመው ብቻ ቀስ እያልክ ተረከዝህን ከደፉ በታች ታወርደዋለህ። ለመውጣት ሁለቱም፣ ለመውረድ የታመመው ብቻ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። አንዴ ጉልበትን ዘርግቶ፣ አንዴ አጠፍ አድርጎ። ጠዋትና ማታ፣ 12 ሳምንት። እኔ ቡናው እስኪፈላ ነበር የምሠራው፣ ልጆቼ "እማዬ ልትበር ነው" እያሉ ሲስቁብኝ። መጠነኛ ሕመም ቢኖር ግድ የለም፣ የሚወጋ ከሆነ ግን አቁም። የመጀመሪያው ወር ምንም ለውጥ የለውም፣ እዚያ ጋ ነው ሰው የሚተወው።

እስኪሻልህ ዳገት ተው፣ ጅማቱን ይስበዋል። ክረምቱም እየመጣ ነው። የእናንተን ሜዳ ጭቃ አውቀዋለሁ፣ ጫማ ላይ ሲለጠፍ እግርህ ሁለት እጥፍ ይከብዳል፣ ተረከዝህንም ይዞ ያስቀራል። ሐምሌና ነሐሴ አስፋልት ዳር ይሻልሃል፣ አንጸባራቂ ልብስ ልበስና የጎጃም ሲኖትራክ ፊት ለፊት እየታየህ ሩጥ።

የምትጾም ከሆነ ደግሞ ካላንደርህን አሁኑኑ አየው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ረጅም ሩጫህ የሚከብደው ልክ ያኔ ነው። 30 ኪሎ ሜትሩን ቅዳሜ ወይ እሁድ አድርገው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትጾምምና ወዲያው ትበላለህ። በሶ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ በደንብ። ሯጮች መንገድ ላይ ለጉልበት የሚወስዱት ጄል ውድ ነው አትበል፣ ግማሽ ሊትር ውኃ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው በቂ ነው። ስኳርህን ግን መጀመሪያ ተለካ፣ ሐኪሙንም ስለዚህ መጠጥ ጠይቀው። ዱባይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳትሞክረው ብቻ፣ ሆድህ ከአሁኑ ይልመደው።

የሱሉልታው ጎልማሳ

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ልቤን ታየሁ፣ ደህና ነው። ስኳሬም ወርዷል፣ የስኳር ውኃውን ሐኪሙ ረጅም ሩጫ ላይ ብቻ ፈቅዶልኛል። ጠርጣሪ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ባለቤቴ ስምህን ሳታውቅ መርቃሃለች።

ዝግታው ግን አዋረደኝ። በመጀመሪያው ቀን በ6:40 ወጣሁ፣ በእንጦጦ በኩል ጫካ ውስጥ። ቅጠል የተሸከሙ እናት፣ ሸክሙ ከእሳቸው ይበልጣል፣ ቁልቁል ሲመጡ አዩኝና "አይዞህ ልጄ፣ አሞህ ነው?" አሉኝ። አይ እማማ፣ ልምምድ ነው ስላቸው ደግመው አዩኝ። ያላመኑኝ ይመስለኛል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ረቡዕ ፍጥነት ስሠራ እግሬ አዲስ ሆኖ አገኘሁት፣ እንዲህ ከተሰማኝ ስንት ጊዜዬ። ለካ ሁሌ ደክሞኝ ነበር።

ተረከዜ ጠዋት ጠዋት አሁንም ይይዘኛል፣ ግድግዳውን ግን ትቻለሁ። የቢሮው ደረጃ ላይ ስሠራ ዘበኛው "ጋሼ ምን ጠፋብዎት?" ይለኛል።

3:15ን አልተውኩም። ኅዳር ላይ 43 ካልመጣ 3:25 ብዬ እነሣለሁ፣ ለእህቴም እንደዚያ ነግሬያታለሁ።

የፊታችን እሁድ አቃቂ እወርዳለሁ፣ የጓደኛዬ ኮሮላ ላይ ሁለት ሰው ቦታ አለ። ከሱሉልታ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እንነሣለን፣ በመገናኛ በኩል ስለምናልፍ ከለገጣፎ የሚመጣ እዚያ ይጠብቀን። የቀድሞ ሯጭ፣ አንተ ከመጣህ ነዳጁም ቁርሱም በእኔ።

የቀድሞ ሯጭ

እመጣለሁ ጋሼ። ሰዓትዎን ግን ቤት ይተውት፣ እኔ እይዛለሁ።